ቋንቋ የልደት ቀን የለውም

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ሰዓት ስለ ቋንቋ ለመስማት ብላችሁ መምጣታችሁ ደስ ይላል። ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልበል፦ የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

በ1907 ሃራፕራሳድ ሻስትሪ የሚባሉ የቤንጋል ሊቅ ወደ ካትማንዱ ሄዱ። በኔፓል ቤተ መንግሥት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የቆዩ ጽሑፎችን ሲያገላብጡ፣ በዘንባባ ቅጠል ላይ የተጻፈ የመዝሙር ስብስብ እጃቸው ገባ። ወደ 50 የሚጠጉ አጫጭር መዝሙሮች ናቸው። የገጠሟቸው የቡድሃ እምነት መናንያን ናቸው። ስብስቡ ዛሬ ቻርያፓዳ ይባላል። ሻስትሪ በ1916 አሳተሙት። ርዕሱም ላይ ቋንቋው የሺህ ዓመት ዕድሜ ያለው ቤንጋልኛ ነው ብለው ጻፉበት።

ክርክሩ ከዚያ ወዲህ አልበረደም። የአሳም ሰዎች አነበቡትና «ይሄማ የእኛ ነው» አሉ። የኦዲያ ተናጋሪዎችም እንደዚያው። የማይቲሊ ሰዎችም አልቀሩም። የቤንጋሉ ታላቅ የቋንቋ ሊቅ ሱኒቲ ኩማር ቻተርጂ በ1926 የቤንጋልኛ መሆኑን ሰፊ ሙግት አቀረቡበት። ሌሎቹም ከዚያው ጽሑፍ የራሳቸውን ቃልና የራሳቸውን የግስ እርባታ እየመዘዙ ያሳያሉ።

እኔን የሚገርመኝ ሁሉም ልክ መሆናቸው ነው። መዝሙሮቹ የተገጠሙት ከ8ኛው እስከ 12ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ነው ተብሎ ይታመናል። ያኔ ቤንጋልኛ፣ አሳምኛና ኦዲያ ገና ከአንድ ቤት አልወጡም ነበር። የአያት ፎቶ ቢገኝ አምስቱም የልጅ ልጆች «የኔ አያት ናት» ይላሉ። ማን ይዋሻል? ማንም።

አሁን ወደ መንግሥት ልምጣ። ሕንድ «ክላሲካል ቋንቋ» የሚባል ማዕረግ አላት። በ2014 ለኦዲያ ሰጠች። በ2024 ደግሞ ለቤንጋልኛና ለአሳምኛ በአንድ ቀን ሰጠች። አንድን የዘንባባ ጥራዝ «የኔ» የሚሉ ሦስት ቋንቋዎች፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ማዕረግ አላቸው። ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩት ስለዚህ ማዕረግ ነው። ምን እንደሚጠቅም፣ ደግሞም ስለ ቋንቋ ምን እንዳንረዳ እንደሚያደርገን።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ባለ ማዕረግ ታሚል ነው፤ በ2004። የታሚል ሰዎች ለብዙ ዘመን ሲጠይቁት የቆዩት ጉዳይ ነበር። በአሜሪካ በርክሌይ ታሚል ያስተምሩ የነበሩት ፕሮፌሰር ጆርጅ ሃርት ሳይቀሩ በ2000 ደብዳቤ ጽፈው ደግፈዋል። በ2005 ሳንስክሪት ተከተለ። በ2008 ካነዳና ቴሉጉ። ካነዳ ስል የደቡብ ሕንዱን ቋንቋ ነው፤ አገሩ ካናዳ አይምታባችሁ። በ2013 ማላያላም፣ በ2014 ኦዲያ። ከዚያ አሥር ዓመት ዝም ተባለ። ጥቅምት 3 ቀን 2024 ካቢኔው አምስት ቋንቋ ባንዴ አጸደቀ፦ ማራቲ፣ ፓሊ፣ ፕራክሪት፣ አሳምኛና ቤንጋልኛ። ጠቅላላ 11 ሆኑ።

መስፈርቱ ራሱ ሲለዋወጥ ኖሯል። በ2004 የተጻፈ ታሪኩ ከ1000 ዓመት በላይ ይሁን ተባለ። በ2005 ከ1500 እስከ 2000 ተባለ። ሌላው መስፈርት የሥነ ጽሑፍ ባህሉ የራሱ ይሁን፣ ከሌላ የተዋሰው አይሁን የሚል ነበር። ይሄ በ2024 ተነሥቷል። እኔ በበኩሌ እሰይ ብያለሁ። ያልተዋሰ ሥነ ጽሑፍ የት አለ? የካነዳ ታላቅ ባለቅኔ ፓምፓ በ10ኛው ክፍለ ዘመን ማሃባራታ የሚባለውን የሳንስክሪት ታላቅ የግጥም ታሪክ ወስዶ ነው በራሱ ቋንቋ የገጠመው። የቴሉጉው ናንያም በ11ኛው ክፍለ ዘመን የጀመረው በዚያው በማሃባራታ ነው። ሁለቱንም «ቀጂ» የሚላቸው የለም። የቋንቋቸው አባቶች ናቸው።

ማዕረጉ ስም ብቻ አይደለም። ለታላላቅ ተመራማሪዎች በየዓመቱ ሁለት ዓለም አቀፍ ሽልማት፣ የጥናት ማዕከል፣ በዩኒቨርሲቲዎች የተለየ የፕሮፌሰር ወንበር ያስገኛል። ቼናይ ያለው የክላሲካል ታሚል ማዕከላዊ ተቋም የዚህ ፍሬ ነው። እዚህ ላይ ጠብ የለኝም። ለድሮ መጽሐፍ የሚወጣ ገንዘብ ሁሉ የተባረከ ነው።

ጠቤ ከፉክክሩ ጋር ነው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። ማዕረጉ ለሌሎች ቋንቋዎች መሰጠቱ አግባብ አይደለም የሚል ክስ በማድራስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ በ2016 ውድቅ ሆነ። እስቲ አስቡት። ዳኛ ፊት ቀርቦ «የጎረቤቴ ቋንቋ ዕድሜው አልደረሰም» ማለት! ከሳሹን ለመውቀስ አይደለም የማነሣው። መስፈርቱ በዓመት ሲቆጠር ሰው መቆጠሩ አይቀርም።

«የትኛው ቋንቋ ነው ጥንታዊ?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይገጥመኛል። መልሴ ሁሌም ያው ነው፤ ሰውን አያስደስትም። በአፍ የሚነገር ቋንቋ አንዱ ካንዱ በዕድሜ አይበልጥም። ዛሬ የሚናገር ሰው ሁሉ ከእናቱ ሰምቶ ነው። እናቱም ከእናቷ። ሰንሰለቱ የትም ቦታ አልተበጠሰም። «ከዛሬ ጀምሮ አዲስ ቋንቋ ተወለደ» ተብሎ ያደረ ሌሊት የለም። ዕድሜ ያለው ጽሑፍ ነው። ዕድሜ ያለው ስም ነው። ካነዳን ውሰዱ። ከጥንታውያን ጽሑፎቹ አንዱ የሃልሚዲው ድንጋይ ነው፤ 5ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ ነው የተቀረጸው። ሰዎቹ ግን ድንጋዩ ሳይቀረጽም ያወሩ ነበር።

ይሄን በጆሯችሁ እንድትሰሙት እፈልጋለሁ። እስቲ «ሳፕታ» በሉ። በሳንስክሪት ሰባት ማለት ነው። ቀስ ብላችሁ በሉት፤ አፋችሁ ምን እንደሚሠራ ልብ በሉ። ለ«ፕ» ከንፈር ይገጥማል። ወዲያው ለ«ታ» ምላስ ጥርስ ይነካል። ሁለት ሥራ በተከታታይ። ሰው ቶሎ ቶሎ ሲያወራ የመጀመሪያውን ሥራ ይዘለዋል፤ ሁለተኛውን ግን አጥብቆ ይይዘዋል። «ሳታ» ይሆናል፤ «ታ»ው ይጥበቅ። ይሄ የፕራክሪት፣ ማለትም የጥንቱ ተራ ሕዝብ ቋንቋ፣ ቃል ነው። ብዙ መቶ ዓመት ጨምሩበት። የጠበቀው ድምፅ ላላ፤ ያጣው ክብደት ደግሞ ወደ ፊተኛው አናባቢ ተላለፈና አናባቢው ተራዘመ። የመጨረሻዋ አናባቢም ቀረች። «ሳአት» ሆነ። ዛሬ ዴልሂ ሄዳችሁ እስከ ሰባት ብትቆጥሩ «ሳአት» ነው የምትሉት።

አንድ ቃል ብቻ ቢሆን አጋጣሚ ነው እል ነበር። ግን እጅ «ሃስታ» ነበር፤ «ሃታ» ሆነ፤ ዛሬ «ሃአት» ነው። ጆሮ «ካርና» ነበር፤ «ካና» ሆነ፤ ዛሬ «ካአን» ነው። ወተት «ዱግዳ» ነበር፤ «ዱዳ» ሆነ፤ ዛሬ «ዱድ» ነው። መካከለኞቹን ሁሉ አጥብቃችሁ አንብቧቸው። ማንም ስብሰባ ጠርቶ ሕግ አላወጣም። ሚሊዮን አፎች ግን አንድ ዓይነት ነገር አደረጉ።

ደቡብ ውረዱ፣ ሌላ ሕግ ታገኛላችሁ። ወተት በታሚል «ፓአል» ነው። በድሮው ካነዳም በ«ፐ» ነበር የሚጀምረው። የዛሬው ካነዳ ግን «ሃአሉ» ይላል። አሥር በታሚል «ፓቱ» ነው፤ በካነዳ «ሃቱ»። አበባ «ፑ» ነበረች፤ «ሁ» ሆነች። ከንፈር መግጠም ሲሰለች ትንፋሽ ብቻ ቀረ።

እናንተ ይሄን ሩቅ አገር አትፈልጉት፤ አፋችሁ ውስጥ አለ። ግዕዝ «በልዐ» ይላል፤ እኛ «በላ» እንላለን። «ሰምዐ»ን «ሰማ»። አሁን «ለበሰ» እና «በላ»ን አስተያዩ። «ለበሰ» በግዕዝ ቤት ነው የሚያልቀው። «በላ» ግን በራብዕ ነው። ለምን «በለ» አልሆነም? «ዐ» ከጎሮሮ የሚወጣ ድምፅ ነበር። ጎሮሮ ሲሠራ አፍ ይከፈታል። ድምፁ ጠፋ፤ አፋችን ግን ተከፍቶ ቀረ። እኔ ይሄን ነገር ባሰብኩት ቁጥር ይገርመኛል። «በላሁ» ባልን ቁጥር የጠፋውን «ዐ» ጥላውን እየጠራነው ነው። «መጽአ» ደግሞ «መጣ» ሆነ፤ «እድ» «እጅ» ሆነ።

ሊቃውንቱ አማርኛ የግዕዝ ቀጥተኛ ልጅ ሳይሆን የቅርብ ዘመድ ነው ይላሉ፤ ብዙዎቹ። ይሄን ማወቅ ግዕዝን አያሳንሰውም። ግዕዝ የጥንቱን መልክ ጽፎ ስላቆየልን ነው የተነነውን ድምፅ ማየት የቻልነው። ፊደላችንም እንደዚሁ ነው። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ እያልን እንማራለን። አፋችን ሦስቱንም አንድ ካደረጋቸው ቆይቷል። ልጅ ሲጽፍ ቢቀላቅላቸው አትቆጡት፤ ጆሮው አልዋሸውም።

ወደ ሕንድ ልመለስ። የማላያላም ነገር ለእኔ ከሁሉም የሚያስተምር ነው። ከታሚል ተለይቶ ራሱን የቻለ ቋንቋ ሆኖ የሚታየው ከ9ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ነው ይባላል። «ታዲያ 1500 ዓመቱን ከየት አመጣው?» የሚሉ ሰዎች ነበሩ። ጥያቄው ትክክል ይመስላል። ግን ከጥንቶቹ የታሚል የግጥም ስብስቦች አንዱ ፓቲትሩፓቱ ነው። የሚያወድሰው የቼራ ነገሥታትን ነው። የቼራ ነገሥታት ደግሞ አገራቸው በምዕራብ በኩል ነበር፤ ዛሬ ማላያላም የሚነገርበት አገር። ያ ግጥም የማን ርስት ነው? አያቶቻቸውን የሚያወድስ ግጥም የማላያላም ሰዎች አይመለከታቸውም ማለት ይቻላል? ይሄም ሌላ የአያት ፎቶ ነው።

የፕራክሪት ታሪክ ደግሞ ልቤን ይነካዋል። «ሳንስክሪት» ማለት የተሠራ፣ የተስተካከለ ማለት ነው። ፓኒኒ የሚባል ሊቅ ወደ 4000 በሚጠጉ አጫጭር ሕጎች ቋጥሮታል። በቃል የሚያዙ ሕጎች ናቸው፤ እንደኛ የቅኔ ቤት ተማሪዎች በዜማ የሚሸመደዱ። «ፕራክሪት» ግን እንዲያው በተፈጥሮው ያለ ማለት ነው። የተራው ሰው አፍ። በጥንቱ የሳንስክሪት ቲያትር ውስጥ ንጉሡ ሳንስክሪት ይናገራል። ሴቶቹና አገልጋዮቹ ፕራክሪት ይናገራሉ። አንድ መድረክ ላይ ናቸው፤ ይግባባሉ። ግን ማን የላይ፣ ማን የታች እንደሆነ ቋንቋቸው ይናገራል።

ይሄ የታች ሰው ቋንቋ ነው በ2024 ከሳንስክሪት እኩል የተቀመጠው። ከዚያው ወገን የሆነው ፓሊም አብሮት። የቡድሃን ትምህርት በስሪላንካ፣ በበርማና በታይላንድ ገዳማት ይዞ የኖረው ፓሊ ነው። የራሱ ፊደል እንኳ የለውም፤ በየደረሰበት አገር ፊደል ይጻፋል። ሁለቱም ሕገ መንግሥቱ ላይ ከተዘረዘሩት 22 ቋንቋዎች ውስጥ የሉም። «የኔ» ብሎ ሰልፍ የሚወጣላቸውም ሕዝብ የለም። ማራቲ የፕራክሪት ዘር ነው፤ እናትና ልጅ በአንድ ቀን ማዕረግ ተቀበሉ። በአንጻሩ ሳንስክሪትን በ2011 ቆጠራ አፍ መፍቻዬ ነው ያሉት 24,821 ሰዎች ናቸው፤ ከቢሊዮን በላይ ሕዝብ ባለበት አገር።

ስለዚህ «ልጆቹ ቋንቋውን አበላሹት» ሲባል ስሰማ ዝም ማለት ያቅተኛል። «ሳፕታ»ን «ሳታ» ያሉት ልጆችም አበላሹ ተብለው ነበር። ሳንስክሪትን የሚያከብሩ ሊቃውንት የሕዝቡን አነጋገር «የወደቀ ቃል» ይሉት ነበር። የወደቀው ቃል ሂንዲ ሆነ፣ ማራቲ ሆነ፣ ቤንጋልኛ ሆነ።

እንግዲህ ማዕረጉ ለምን ይጠቅማል ካላችሁኝ፣ አንድ ሰው ላስተዋውቃችሁ። ኡ. ቬ. ስዋሚናታ አየር ይባላሉ፤ በ1855 ነው የተወለዱት። በ1880 ኩምባኮናም በምትባል የታሚል ከተማ ኮሌጅ ያስተምራሉ፤ የ25 ዓመት ወጣት ናቸው። አንድ አዲስ የመጣ ዳኛ፣ ራማስዋሚ ሙደሊያር የሚባል፣ «ምን ምን አንብበሃል?» አላቸው። ያነበቡትን ደረደሩለት። ብዙ ነበር። ሰውየው ግን ምንም አልመሰለው። ከእነዚህ በፊት ስለነበሩት ስለ ጥንቶቹ መጻሕፍት ጠየቃቸው። ታሚል እስከ ጥግ የተማሩት ሰው እነዚያን አይተዋቸው እንኳ አያውቁም።

ዳኛው «ቺንታማኒ» የሚባለውን የግጥም ድርሳን ሰጣቸው። አየር ከፈቱት፤ አልገባቸውም። ችግሩ የቃሉ ጥንታዊነት ብቻ አልነበረም። በዘንባባ ቅጠል የሚጽፍ ሰው በሹል ብረት ነው የሚጭረው። ነጥብ ሲያበዛ ቅጠሉ ይቀደዳል። ስለዚህ አናባቢ የሌለውን ፊደል የሚለየው ነጥብ ይቀራል። አጭሩና ረጅሙ «ኤ» አይለይም። ግጥሙ ቤት በቤት አይሰለፍም፤ እንደ ዝርው እስከ ጠርዝ ይሄዳል። የኛ ሰው ይሄ አይከብደውም። «ዋና» ብዬ ብጽፍላችሁ ዋነኛው ነው ወይስ ባሕር ላይ መዋኘት? ጠብቆ ይሁን ላልቶ የምታውቁት ከጎኑ ካለው ቃል ነው። አሁን መጽሐፉ በሙሉ እንዲህ ነው ብላችሁ አስቡ፤ ያውም የሺህ ዓመት።

ደግሞ ቺንታማኒ የጃይና እምነት መጽሐፍ ነው። አየር ሂንዱ ናቸው። ምን አደረጉ? ኩምባኮናም ወዳሉት የጃይና ሰዎች ቤት ሄዱ። እነሱ መጽሐፉን እንደ ጸሎት መጽሐፍ እያነበቡ ይተረጉሙት ነበር። ተቀምጠው ሰሙ፤ ጠየቁ። ሊቁ ከምእመናን ተማሩ። በ1887 ቺንታማኒ ታተመ። ከዚያ በኋላ ዕድሜያቸውን በሙሉ መንደር ለመንደር ዞሩ። አንዳንድ ቦታ ሲደርሱ ቅጠሉ አርጅቷል ተብሎ ወደ እሳት ገብቷል። ሌላ ቦታ ወደ ወንዝ ተጥሏል። ቀድሞ የደረሱበትን አተረፉ። በ1942 ሲሞቱ ዛሬ ታሚል የሚኮራባቸው ብዙዎቹ ጥንታዊ ግጥሞች በእሳቸው እጅ ታትመው ነበር።

ይሄ ሁሉ የሆነው ማዕረጉ ከመሰጠቱ ከብዙ ዓመታት በፊት ነው። አየር ለዚህ ሥራ የተመደበ የምርምር ወንበር አልነበራቸውም፤ የጉዞና የኅትመት ገንዘብ ሲቸግራቸው ነው የኖሩት። እኔ ማዕረግ የምደግፈው ሌላ አየር እንዳይቸገር ነው። ቅጠሉን የሚያጸዳ፣ ፎቶ የሚያነሣ፣ ከሁሉም በላይ ቁጭ ብሎ ማንበብ የሚችል ወጣት ደመወዝ እንዲከፈለው ነው። ፎቶ ማንሣት ቀላል ነው። አንባቢ ማፍራት ግን አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ይወስዳል፤ በመካከል አንድ ትውልድ ከተዘለለ ደግሞ የሚያስተምረው ይጠፋል።

ሲጠፋ ምን እንደሚመስል ሕንድ ታውቀዋለች። ንጉሥ አሾካ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን አዋጁን በድንጋይ አስቀረጸ። ሕዝቡ እንዲሰማው ብሎ በፕራክሪት ነው ያስጻፈው፤ አብዛኛው ብራህሚ በሚባል ፊደል ነው። ከዚያ አንባቢው አለቀ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ሱልጣን ፊሩዝ ሻህ አንዱን ዓምድ አስነቅሎ ወደ ዴልሂ አስመጣው። ሊቃውንት ተጠርተው መጡ። ማንበብ የቻለ አልነበረም። ዓምዱ መናገሻው ከተማ መካከል ቆሞ ሰው ሁሉ እያየው ኖረ።

በ1837 ጄምስ ፕሪንሴፕ የሚባል በካልካታ የገንዘብ ማተሚያ ቤት የሚሠራ እንግሊዛዊ ከሳንቺ የተቀዱ አጫጭር ጽሑፎች ይመለከት ነበር። ሳንቺ ትልቅ የቡድሃ መቅደስ ያለበት ቦታ ነው። ጽሑፎቹ የተቀረጹት በአጥሩ ድንጋዮች ላይ ነው። ብዙዎቹ የሚያልቁት በተመሳሳይ ሁለት ፊደል እንደሆነ አየ፤ የኋለኛው ጎን ነጥብ አለች። መቅደስ ላይ እየተደጋገመ የሚጻፍ ምን ሊሆን ይችላል? ስጦታ ይሆናል ብሎ ገመተ። ስጦታ «ዳናም» ነው። ዳ፣ ና፣ ም። እነዚህን ፊደላት ይዞ ወደ ሌሎቹ ሄደ፤ የአሾካም ዓምድ ተነበበ።

የሳንቺዎቹ ጽሑፎች የንጉሥ አይደሉም። በታች ሰው ቋንቋ የተጻፉ የተራ ሰዎች ስሞች ናቸው። የአንዲት መነኩሲት ስጦታ። የአንድ ነጋዴ ስጦታ። የቪዲሻ ከተማ የዝሆን ጥርስ ቀራጮች የእጅ ሥራ።